ዐሥራ አንድ አውራ ጣት

ወፍጮ ቤት ተጀመረ፤ ሌላ አዳራሽ የለም፤
ሞተሩ ሲያጓራ ጆሮ ጠቢ አይሰማም።
ከቅዳሜ ገበያ ዝቅ ብሎ፣ ከታች፣
ጤፍ አዝላ የመጣች፣ ማሽላ የያዘች፣
ቅንድቧን ዱቄት ነፍቶት ያለ ዕድሜዋ የሸበተች፣
አንዷ ካንዷ ጆሮ ተጠግታ አወራች።

ሰበቡ ትንሽ ነው፦ ዐሥር ሳንቲም ጭማሪ፣
በየቁናው ላይ፤ ባለወፍጮው ቆጣሪ።
እትዬ ፍታለሽ ቁናዋን ገልብጣ፣
ዙፋን አስመስላው ላዩ ላይ ተቀምጣ፦
«ዛሬ ዐሥር ሳንቲም ነው፣ ነገ ሃያ ይላል፤
ቦኖው ሲደርቅብን ቀሃ ማን ይወርዳል?
ስብሰባ ሲጠራ ወንዱ ኮት ይለብሳል፣
ባልቀዳው ውኃ ላይ እጁን ያወጣል።»

ዐሥራ አንድ ነበሩ።
ዘምዘም ከአዲስ ዓለም፣
ጥጥ የምትነግድ፣ ዱቤ አትሰጥም ለማንም።
ሸክላ ሠሪዋ ጣጡ ከወለቃ መጥታ፣
ሁሉም ሲሸሻት፣ ሲተውላት ቦታ፣
ዘምዘም ናት የሄደች ነጠላዋን አንሥታ፣
አጠገቧ ያረፈች ትከሻ አስጠግታ።
ያን ለት ማንም ምንም አላለም።
ማኅበሩ ያኔ ነው የተመሠረተ፤
በቃለ ጉባኤው ላይ የለም።

እኔ ዐሥራ ሦስት ዓመቴ፣ ሰባተኛ ክፍል፤
«ፊደል ቆጥራለችና ጸሐፊ ትሁን» ሲባል፣
ከሒሳብ ደብተሬ መሃሉን ገንጥዬ፣
ቃለ ጉባኤ ሰፋሁ በእናቴ ክር ቀጥዬ።
ማኅተም የለ፣ ቀለም የለ።
የድስት ቂጥ ፍቀን በኑግ ዘይት ለወስን፣
አውራ ጣት በአውራ ጣት ገጹን አጠቆርን።

አንድ ነገር ረስቻለሁ፤ ኋላ እናገራለሁ።

ዘጠኝ ቀን ወፍጮ ቤት ዝንብ ብቻ ዋለበት፤
በየጓዳው መጁ ሌሊቱ ነጋበት፤
መዳፋችን ተላጠ፤ ቅቤ አሰርንበት።
በዐሥረኛው ዋጋው ወረደ፤ ሰውየውም መጣ፣
ባርኔጣውን ይዞ፣ ላቡ በግንባሩ እየወጣ።

ከዚያ ማን ይቻለን!
ከአዘዞ በእግሯ፣ ከሳሙና በር፣
ከግንቡ ጥግ ደግሞ ሣር የምትቸረችር፣
ዐርባ ሦስት ሆንን፤ መቶ ዐሥራ ሁለት፤
ጠበበን ወፍጮ ቤት።
የዕድር ድንኳን ለምነን ብንተክል ከሜዳ፣
ደረት እየመቱ አንዲት አሮጊት ደረሱ፣ የማናውቃቸው እንግዳ።
«ማን ሞተ?»
«ማንም አልሞተ።»
«ድንኳኑስ?»
«ስለ ውኃ ነው፣ እማማ፤ በሸንጎው ስለ ሦስት ወንበር።»
«ለዚህስ ድሮም አልቅሻለሁ» አሉና ቁጭ አሉ፤
መቶ ዐሥራ ሦስተኛ። «ጥላሸቱን አምጡ» አሉ።

ኋላ ከመንግሥት ቤት አንድ ቦርሳ ያዥ መጣ፣
ክብ የጎማ ማኅተም ከኪሱ አወጣ፤
«ሊቀመንበሯ ግን ስላልተማረች፣
እኔ ልምራችሁ።»
ፍታለሽ ሳቀች፦
«ማኅተሙን ተቀበሉ። ሰውየውን መልሱት።»

ሃያ ስድስት ሴቶች በዚያው ሳምንት ቀሩ፤
አልፈርድም፤ እስር ቤት ቅርብ ነው፣ ቢፈሩ።
የጥሩሰው ባል ግን ከውጭ ቢቆልፍባት፣
በበሩ ሥር ሾለከ የወረቀት ቁራጭ፣
አንድ ጥቁር ጣት።

ደብተሩ አሁን እኔ ጋ ነው። ሦስት ገጽ አይጥ በልቶታል።
የመጀመሪያው ደህና ነው፤ ዐሥራ አንዱም ይታያል።
ይህ መስመር የሌለው የጣጡ ነው፤ ሸክላ ፍቆታል።
ይህ በቢላ የተሰነጠቀው ፍታለሽን ይመስላል።
አምስቱን አላውቃቸውም።
አጠገባቸው ስም መጻፍ ነበር የኔ ሥራ፤
ልጅ ነኝና ረሳሁት፣
ጥላሸት ስጫወት ከነሱ ጋራ።
ከገጹ ግርጌ ግን፣ በትልልቅ ፊደል፣
«ጸሐፊ» ይልና የኔ ስም ተጽፏል፤
ከሥሩም ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።